የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ እሁድ እሁድ ማን ጋ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ መጥታ ኮምፒውተር የማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመች። ሚኒባስ ይዛ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ነው የመጣችው። የኮምቦልቻ ሰው የደሴን ብርድ ይረሳዋል፤ ስስ ሹራብ ብቻ ነበር የለበሰችው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። «እሁድ እሁድ ታስተምራላችሁ?»

እናስተምራለን። ቦታ ግን የለንም። ያሉን ኮምፒውተሮች 12 ናቸው፣ የእሁድ ተማሪዎቻችን ደግሞ 24። አንዱን ለሁለት ይዘውታል። ሦስተኛ ሰው ብጨምር ያች ሰው ሁለት ወር ሙሉ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አሻግራ እያየች ልትጨርስ ነው፣ እጇ ኪቦርድ ሳይነካ። ገንዘቧን ተቀብዬ እንደዚያ ላደርጋት አልፈለግኩም። ነገርኳት። «እሺ፣ ችግር የለም» አለችና ስልክ ቁጥሯን ትታልኝ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ችግርማ አለ። ከእኔ ክፍል በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ላይ በመንግሥት ገንዘብ የተገዙ፣ አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ የለበሱ ኮምፒውተሮች አሉ። አርብ 11 ሰዓት ይቆለፍባቸዋል፣ ሰኞ ጠዋት ይከፈትላቸዋል። በሥራ ቀንም ቢሆን ከ11 ሰዓት በኋላ ሰው አያያቸውም። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ተቋም አይደለም፣ ኮምቦልቻም እንደዚሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ቁልፍ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ከጓደኛዬ ጋር መሠረታዊ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ፖይንት፣ ኢንተርኔትና ኢሜይል። ለሚፈልግ አክሰስና የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራሙ ፒችትሪም አለን። ሁለት ወር ይፈጃል፣ ሲያልቅ ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ የፈለገ ደግሞ ሄዶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናል። ሰው ሁሉ ባጭሩ «ቤዚክ» ይለዋል።

ቤዚክ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት ልጅ ነው። እነሱ አሉ፣ አይካድም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። በየዓመቱ ከመቶ ዘጠና አራት ልጅ በላይ ግማሹን አላመጣም ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውጤት በተለቀቀ ሳምንት እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጡ ነበር። «እባክሽ እህቴ፣ ቤት ከሚውል እዚህ ይዋልልኝ።» እነዚህ ልጆች የቀን ተማሪዎች ናቸው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣሉ፣ ጊዜ አላቸው፣ እኔም ለእነሱ ቦታ አላጣም።

ስለማታውና ስለእሁዱ ተማሪ ግን ማንም አይጽፍም። እኔ የማውቃቸውን ልንገራችሁ።

አንዷ አስተማሪ ናት፣ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ 68 ልጅ አለ። የሴሚስተር መጨረሻ በመጣ ቁጥር ሮስተር በእጇ ትሠራለች፣ ያን ትልቅ ወረቀት ዘርግታ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት በየትምህርቱ ትደምራለች፣ አማካዩን ታወጣለች፣ ከዚያ ደግሞ ከአንደኛ እስከ 68ኛ ደረጃ ታወጣለች። አንድ ቁጥር ከተሳሳተች ደረጃው ሁሉ ይዛባል፣ እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ሦስት ሌሊት ይፈጅባት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሳም፣ አቬሬጅና ራንክ የሚባሉትን ፎርሙላዎች አስተማርኳቸው። የመጀመሪያውን መስመር ሠራች፣ ጥጓ ላይ ያለችውን ትንሽ ካሬ በማውሱ ይዛ እስከ 68ኛው ልጅ ወደ ታች ሳበችው። ሁሉም ተሞላ። እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ዝም ብላ ስክሪኑን አየችው። ከዚያ «ስንት ዓመት ነው እንዲህ የደከምኩት» አለች። ክፍሉ በሙሉ ፀጥ አለ። ያቺን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ይህን ሥራ የምተወው አይመስለኝም።

ሌላው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ጋሼ ናቸው። 57 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። «እርስዎ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» የሚላቸው ሰው አይጠፋም። እሳቸው የነገሩኝ ይህን ነው፦ ፋይሉ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ እየገባ ስለሆነ፣ የገዛ መዝገባቸውን ለማየት የልጃቸው እኩያ የሆነችን ልጅ በቀን አሥር ጊዜ መለመን አለባቸው። ልጅቷ ታከብራቸዋለች፣ ሥራ ግን ይበዛባታል። «ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን መዝገብ ሰው ሳልለምን ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ማውስ መጀመሪያ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ደብል ክሊክ እምቢ አላቸው። የድሮው ዊንዶውስ 7 ላይ ሶሊቴር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ከፈትኩላቸውና አንድ ሳምንት እሱን ብቻ ተጫወቱ። ለእጅ ካርታውን ይዞ ጎትቶ ቦታው ላይ ከመልቀቅ የተሻለ ትምህርት የለም፤ አዲስ ለሚጀምር አስተማሪ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። በሁለት ወሩ መጨረሻ ደብዳቤ ጽፈው፣ አስተካክለው፣ በራሳቸው ፕሪንት አደረጉ። አብረዋቸው የሚማሩት ልጆች «አንቱ ጎበዝ!» ብለው አጨበጨቡላቸው።

ከሪያድ የተመለሰች ልጅም አለች። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። ስልክ ላይ በሁለት አውራ ጣቷ ስትጽፍ ከእኔ ትፈጥናለች፣ ስድስት ዓመት ከቤተሰቧ ጋር በኢሞ ነው የኖረችው። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ፊደሉ ሁሉ ጠፋባት። ኤፍና ጄ የተጻፈባቸው ቁልፎች ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፣ ዓይን ሳያይ ጣት ቦታውን የሚያገኘው በእሷ ነው፤ ከዚያ አስጀመርኳት። የምትፈልገው ፎቶ ኮፒ ቤት መክፈት ነው፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ሲቪ ማዘጋጀት፣ ላሚኔሽን። የያዘቻትን ገንዘብ አንድ ወንድሟ ለባጃጅ ሊወስድባት ፈልጎ ነበር። «ሙያው ከሌለኝ ማሽኑን ገዝቼ ምን አደርጋለሁ» ብላ መጀመሪያ እኔ ጋ መጣች። እኔ እንዲህ የምታስብ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

የጋርመንት፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ልጆች ደግሞ ብዙ ናቸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከየወረዳው ስንት ልጅ እንደወረደ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች፣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚላክ ልብስ ቆመ። ሥራቸውን ያጡ መጡ፣ ሥራቸው ላይ ያሉትም መጡ። አንዷ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ መስመር ላይ ቁጭ ብላ እጅጌ ስትሰፋ በሰዓት ስንት ፍሬ እንዳወጣች የሚመዘግብ ሰው አጠገቧ ይቆማል፣ ያ ሰው ከእሷ የሚለየው ኤክሴል በማወቁ ብቻ ነው፣ ደመወዙ ግን ይለያል፣ ወገቡም አያመውም። ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋትም። ስምንት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ቆሞ አይታዋለች።

አሁን ልብ በሉልኝ። አስተማሪዋ፣ ጋሼ፣ የጋርመንቷ ልጅ፣ ሁሉም ቀን ሥራ ላይ ናቸው። ከሪያድ የመጣችውም ቀን ቀን ሰኞ ገበያ የእናቷን ሱቅ ትጠብቃለች። በየመንግሥት ተቋሙ ያለው የኮምፒውተር ክፍል የሚከፈተው እነሱ ሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት ነው፣ የሚቆለፈው እነሱ ሲወጡ። ይህን ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። በክፋት የተደረገ ነው አልልም፤ ሰዓቱ የተሠራው ለቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ተማሪው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ይህ ለእኔ በተለይ የሚያንገበግበኝ ምክንያት አለ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የሆነውን የማያውቅ የለም። ያኔ የነበሩን ኮምፒውተሮች አሥር ነበሩ። ስንመለስ ክፍሉ ውስጥ ያገኘነው አንድ ሞኒተርና የተቆራረጠ ገመድ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቢሮው፣ ሁሉም እንደዚያ ሆኖ ነበር። በአራት አሮጌ ማሽን እንደገና ጀመርን፣ ከዚያ ስድስት፣ ስምንት፣ አሁን 12 ደርሰናል። አንዳንዶቹን በዕቁብ ነው የገዛናቸው። የመንግሥት ተቋማትም ቀስ በቀስ ተተክቶላቸዋል፣ ከሩቅ ያሉ ሰዎችና ድርጅቶች ረድተዋል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያን ያህል ሰው ተረባርቦ የተካው ዕቃ በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉና በየማታው ጨርቅ ለብሶ ሲቀመጥ ማየት ይከብደኛል።

ስለ ወረቀቱ ራሱ ትንሽ ልበል። «ሰርተፊኬት ወረቀት ነው» የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሁለት ሳምንት ሳይማር ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚይዝ ሰው አለ፣ የሚሸጥም አለ። ይህ የታወቀ ነው። በዚህ የሚጎዳው ግን ማን ነው? ሁለት ወር ከሥራ ወጥቶ፣ ደክሞት፣ መብራት ሲጠፋ ጠብቆ የተማረው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ለጸሐፊነት ተወዳደረች። ማስታወቂያው የሚለው «ቤዚክ ኮምፒውተር ሰርተፊኬት ያላት» ነው። ሰባት ሰው አመለከተ፣ ሁሉም ሰርተፊኬት አያይዟል፣ ወረቀቶቹን ደርድረው ቃለ መጠይቅ ጠሩ። ከሰባቱ አንዷንም ኮምፒውተር ፊት አላስቀመጡም። ኮምፒውተሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ። ተማሪዬ አላለፈችም፣ ያለፈችው ከእሷ ትሻል ይሆናል፣ እኔ አላውቃትም። ግን ማናቸው እንደምትሻል ቀጣሪዎቹም አላወቁም።

ሲኦሲ በዚህ በኩል ይሻላል። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው፣ እጅህ ይታያል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው የሚለው። ያችን «ገና» የምትለውን ቃል እወዳታለሁ። ተማሪ ሳያልፍ ቀርቶ ሲያለቅስ ቃሏን አሳየዋለሁ። አብሽር፣ ገና ነው የተባልከው፣ ተመለስና ተለማመድ እለዋለሁ።

በውጭ አገርም ያለው ነገር ወደዚህ እየሄደ ነው። ማይክሮሶፍት ለጀማሪዎች ይሰጠው የነበረውን ኤምቲኤ የሚባል ፈተና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ዘግቶታል፤ ይህን የምለው እስከ ዛሬ እሱን ልፈተን ብለው የሚመጡ ልጆች ስላሉ ነው፣ የለም፣ ገንዘባችሁን ለማንም አትስጡ። ያው ኩባንያ ለኦፊስ ፕሮግራሞች ያለው ማይክሮሶፍት ኦፊስ ስፔሻሊስት የሚባለው ፈተና ግን አሁንም አለ፣ እሱ ደግሞ ኤክሴሉን ወይም ወርዱን ራሱን ከፍተህ በ50 ደቂቃ ውስጥ የታዘዝከውን የምትሠራበት ነው። የኮምፒውተር ጥገና የሚፈልግ ልጅ የሚጠይቀኝ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ አለ፤ ሁለት ፈተና ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ ሰርተፊኬቱ በሦስት ዓመት ይታደሳል። ጥሩ ነው። ግን በአሜሪካ ዋጋ አንዱ ፈተና ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሄዷል፣ የሐረጎን መንገድ በሚኒባስ ለሚመላለስ ሰው ይህን ማውራት ራሱ ይከብዳል።

«5 ሚሊዮን ኮደሮች አለ አይደል፣ በነፃ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። አለ፣ ተማሪዎቼንም እልካቸዋለሁ። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው ይህ ፕሮግራም የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መነሻ ኮርሶችን በኢንተርኔት ይሰጣል፣ ለጨረሰ ሰርተፊኬት አለው። ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሰው ነው የሚጠብቀው። ደብል ክሊክ ያቃተውን ሰው አይጠብቅም። ጋሼን እዚያ ብልካቸው ምን ያደርጋሉ? ከዚያ ደረጃ በፊት ያለችው መወጣጫ እኔ የማስተምራት ቤዚክ ናት፣ እሷን የዘለለ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ በተቋረጠባቸው ወራትማ ዋይፋይ ያለው ቢሮ ደጃፍ ላይ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ቆመው አይቻለሁ።

ስለ ፈተናው ይዘትም አንድ ነገር አለኝ፣ አዘጋጆች ቦታ ካላችሁ አትቁረጡብኝ። ባየኋቸው የመለማመጃ ፈተናዎች ውስጥ የሚጻፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቼ ተቀጥረው የሚጽፉት ደብዳቤ ግን አማርኛ ነው። በየቢሮው እስከ አሁን በድሮ ፎንት የሚጽፍ ሰው አለ፣ ደብዳቤው በኢሜይል ሄዶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የእኛን ፊደል የሚያሳይ ፎንት ይዞ ይመጣል። ሃያ ዓመት ያለፈውን ነገር አንድ ሰዓት በማስተማር መጨረስ ይቻላል፣ ግን ፈተና ላይ ስለማይመጣ ብዙ ቦታ አይሰጥም።

የቀኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። ኤክሴል ላይ ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለህ ጻፍለት። ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ብታስተካክለው እንኳ ቀን መሆኑን አያውቅም፤ ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘውና በቀን ደርድር ስትለው ያን መስመር ከዝርዝሩ መጨረሻ ይጥለዋል። ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 5 ስንት ቀን ነው ብትለው 11 ይልሃል፣ የእኛ ግን 10 ነው፣ ምክንያቱም እሱ የሚቆጥረው ጃንዋሪን ነው፣ ጃንዋሪ 31 አለው። ዕዳ የሚከታተል፣ የመጋዘን ዕቃ የሚቆጥር፣ የሠራተኛ ፈቃድ የሚመዘግብ ሰው ይህን ካላወቀ ሰው ይበድላል። እኔ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲጽፉ ነው የማስተምራቸው፣ ከዚያ መደርደርም ማስላትም ይቻላል። ይህን የሚጠይቅ ፈተና እስከ ዛሬ አላየሁም። ፒችትሪም ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ግን አሁንም ፒችትሪ ነው የሚሉት፤ እሱ እንኳ ግድ የለም፣ ሰው ይግባባበታል።

እና የምጠይቀው ምንድን ነው? ለቀጣሪዎች፦ ሰው ስትቀጥሩ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጡት፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ ይጻፍ፣ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ይደምር፣ ፋይሉን በስሙ ያስቀምጥ። የተገዛውን ወረቀት ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ለኮሌጆቹና ለትምህርት ቤቶቹ፦ ክፍሉን ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ክፈቱት። ማታ ማታም ቢሆን ብዬ ነበር የማስበው፣ ግን አሁን ባጃጅ በጊዜ ስለሚገባ ሴቶቹ እንዴት ወደ ቤት ይመለሳሉ የሚለው ያሳስበኛል፤ ሰላሙ ሲመለስ ማታውን እንጨምረዋለን። የእሁዱ ሰዓት ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ በረመዳን ደግሞ ከአፍጥር ብዙ ቀደም ብሎ ያብቃ፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ማንም ተቸግሮ አያውቅም።

መልሱን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ ጠይቄ ተነግሮኛል። ዕቃው ይበላሻል። ጥበቃው ማን ይከፍለዋል። ዕቃ የፈረመበት ሰው አለ፣ አንድ ማውስ ቢጠፋ እሱ ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻው እውነተኛ ችግር ነው፣ አልንቀውም፤ አንድ የላብራቶሪ ኃላፊ ከደመወዙ ሲቆረጥበት አይቻለሁ። ስለዚህ ቁልፉን የሚረከብ፣ ሲገባ ቆጥሮ ሲወጣ ቆጥሮ የሚፈርም ሌላ ሰው ይመደብ። እኔ እፈርማለሁ። ለጥበቃው የሚሆነውን ተማሪዎቹ ያዋጣሉ፣ ለእኔ ከሚከፍሉት ያነሰ ነው። ለማስተማሩ ደግሞ እኔና ጓደኛዬ በወር ሁለት እሁድ ያለ ክፍያ እንሰጣለን፣ ሌሎችም እንደሚመጡ ቃል የገቡልኝ አሉ። የራሴን ገበያ የሚቀንስ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ቤት ኪራይ አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ አስቤበት ነው የምናገረው። ቦታ አጥቼ ሰው መመለስ ከዚያ ይብስብኛል።

መብራት ቢጠፋስ ያሉኝም ነበሩ። እኛ ጋም ይጠፋል። ተማሪዎቼን የመጀመሪያ ቀን የማስተምራቸው የጻፉትን የምታስቀምጠውን ኮንትሮል ኤስን ነው፣ በየሁለት ደቂቃው ይጫኗታል፣ ልማድ ሆናባቸዋለች። መብራቱ እስኪመለስ ደግሞ ፎርሙላውን ደብተር ላይ እንጽፈዋለን።

ስልክ ቁጥሯን ትታልኝ የሄደችው የኮምቦልቻዋ ልጅ ስሟ ደብተሬ ላይ ነው። ከእሷ በላይ 31 ስም አለ፣ አንዳንዶቹ ከመስከረም ጀምሮ የሚጠብቁ ናቸው። አንድ ተቋም፣ አንድ ብቻ፣ እሁድ 7 ሰዓት ላይ በሩን ቢከፍትልኝ ደብተሩን ከላይ ጀምሬ እየደወልኩ እወርዳለሁ። እሷን ስደርስ ሹራብ ደርባ እንድትመጣ እነግራታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኮምፒውተር አስተማሪ፣ ከደሴ